ሳይጠና ይጥማል ያለው ጀንበሬ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ዛሬ ጠዋት ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ወርዳችሁ በቀጥታ ለቀብሩ የመጣችሁ የጀንበሬ ቤተሰቦች፣ የወደብ ባልደረቦቹ፣ ፈጣሪ ያጽናችሁ። እኔ ሙሚን ነኝ። ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ጨርቅ እሸጣለሁ። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ብዙ አላቆማችሁም።

እናንተ ጀንበሬን የምታውቁት ከወደብ ዕቃ በሚያስለቅቅበት በትራንዚተርነቱ ነው። እኔ የማውቀው በአንድ መጽሐፍ ነው። አስቸጋሪ ልቦለድ ነው። አራት ነጥብ ብርቁ ነው። ማን እንደሚናገር አይታወቅም። የተማረውም ቢሆን ማብራሪያ ይዞ ነው የሚያነበው ይባላል። ጀንበሬ ግን "ሳይጠና ይጥማል" አለ። አለ በቃ። ማን ይመልሰዋል?

አርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሱቄን ዘግተን እንሰበሰብ ነበር። እሱ ያነባል። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰውዬ ደረጃ ይወጣል። ምዕራፉ ያልቃል፣ ሰውዬው አልደረሰም። ሾፌሩ ልደቱ የጨርቅ ጣቃ ላይ ጋደም ብሎ፣ "ይሄ ሰውዬ ጋላፊ ድንበር ኬላ ላይ ተሰልፎ ነው እንዴ?" ሲል ጀንበሬ ማንበብ አቃተው። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልደቱ፣ አለህ አይደል? ታስታውሳለህ። ስለዚያ ደረጃ አንድም ነገር አልገባንም ነበር። ታዲያ ምን ጎደለብን?

ቀጥሎ መምህር ኒዛር መጣ፣ ማብራሪያውን ይዞ። ደረጃው ምን እንደሆነ፣ ሰውዬው ለምን እንደማይደርስ አስረዳን። ትክክል ነበር፣ ኒዛር አትቀየመኝ። ግን የሳቀ ሰው አልነበረም። ጀንበሬ "ኒዛርዬ፣ ወጡን እየበላን ነው እኮ፣ ምን ምን እንደገባበት ማን ጠየቀህ?" አለው።

ከዚያ ሰው እየተመናመነ ሄደ። ልደቱን መንገድ ወሰደው፣ ኒዛርን ሥራ ያዘው። እኔና እሱ ቀረን። ሁለት ሰው ደግሞ ያን ያህል አይስቅም።

ሲታመም መጽሐፉን ይዤለት ሄድኩ። አንባቢው እኔ ሆንኩ። ትንሽ ሰማኝና እጄን ያዘኝ። "ሙሚን፣ ተወው። ለብቻዬ አንድም ቀን ጥሞኝ አያውቅም። ስንት ጊዜ ሞከርኩ መሰለህ። የሚጥመኝ እናንተ ስትስቁ ነበር" አለኝ። እንዲህ ለሚል በሽተኛ ምን ይባላል? እስቲ ንገሩኝ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሳምንት አልቆየም።

ትናንት ለብቻዬ ከፈትኩት። ደረጃው አለ፣ ሰውዬው አለ። ገጽ ገለጥኩ፣ ሌላም ገለጥኩ። ምንም የለም። ሳይጠና ይጥማል ወይ ብትሉኝ፣ ይጥም ነበር እላችኋለሁ። የሚያነበው ሰው ግን ይኸው፣ ልንቀብረው ነው። የኒዛርን ማብራሪያ ይዤ ቁጭ ብዬ ባጠናው ይገባኝ ይሆናል። ቢገባኝስ ምን ላደርገው?

ጀንበሬ፣ ተሳስተህ ነበር አልልህም፣ ልክ ነበርክም ማለት አልችልም። የሚያጽናና ነገር ፈልጌ አጣሁ። ያለ እኛ አልጣመህም። እኔንም ያለ አንተ አልጣመኝም፣ ከእንግዲህም አይጥመኝም። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።