«ደነዝ» ያልኩት ትዕዛዝ

አቡ ዳቢ በምሠራበት ቢሮ ፓስወርዱን ረስቶ ኮምፒውተሩ የተቆለፈበትን ሠራተኛ የምከፍትለት እኔ ነኝ። የመክፈቻውን ረጅም የኮምፒውተር ትዕዛዝ ሁሌ መጻፍ ቢሰለቸኝ በአንድ አጭር ቃል ተካሁት፤ ቃሉም በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ «ደነዝ» ነው። እዚህ አማርኛ ማን ይገባዋል ብዬ! ሰሞኑን ደግሞ ከሱ ቀጥሎ የሠራተኛውን ስም መነሻ ፊደል ጽፌ «ታብ» የሚለውን ቁልፍ ስጫን ቀሪውን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲሞላልኝ አደረግሁ። አለቃችን ወደደውና «ለሁሉም አሳያቸው» አለኝ።

ትልቁ ስክሪን ፊት ቆሜ በልማድ «ደነዝ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጠዋት የተቆለፈባት ከአል ዓይን ቅርንጫፍ በቅርቡ የተዛወረችው የደሴ ልጅ ሀያት ነበረች። የስሟን መነሻ ጽፌ ታብ ስጫን «ደነዝ ሀያት» የሚል ወጣ። ዞር ስል ከፊት ወንበር ተቀምጣ ታነበዋለች።

አለቃችን «ደነዝ ምን ማለት ነው?» ሲል፣ እሷ ቀድማኝ «በእኛ ቋንቋ ጎበዝ ማለት ነው» አለችው። ሰውየው ደስ ብሎት «ብራቮ፣ ደነዝ ሀያት!» እያለ አጨበጨበ፤ ሰዉም ሁሉ ተከተለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲያበቃ ተከትያት ወጣሁና «ሀያትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ፤ ከጉድ አዳንሽኝ» አልኳት።

«አንተን ማን አዳነህ?» አለች፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «ወላሂ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ደነዝ ከመባል ራሴን ነው ያዳንኩት።»

ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ ማመስገኔ የገባኝ፣ ትታኝ ከሄደች በኋላ ነው።