ያለ ከነመዳሪ የሚሄድ ጎማ

በ1978 ዓ.ም. ከሂርና ወደ አሰበ ተፈሪ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ድንገት ቆመ። ከፊታችን የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ሙሄዲን አሮጌ ፊያት ገደሉ አፋፍ ጥግ ላይ ቆማለች። ሐጂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ድሬዳዋ የመኪና ጥገና ተምራ የመጣችው ልጃቸው ጣሂራ ደግሞ የፈነዳውን ከነመዳሪ ከጎማው ውስጥ ጎትታ ታወጣለች። ላግዛቸው ወረድኩ።

«ሐጂ፣ ምን ደረሰባችሁ?»

«ሚስማር ነው፣ መምህር አሰግድ። አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሳችን ተርፋለች።»

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ጣሂራ፣ «ከነመዳሪ እንደ ፊኛ ነው፤ ሲበሳ አየሩ ባንዴ ያልቃል። ከነመዳሪ የሌለው ጎማ ግን ላስቲኩ ራሱ ሚስማሩን አጥብቆ ይይዘዋል። አየሩ ቢወጣም ቀስ እያለ ነው።»

«ሆድ ዕቃ የሌለው በሬ ያርሳል ትይኛለሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

ሐጂ ሞኝ አልነበሩም። ሰው ለብዙ ዘመን ያገለገለውን ነገር በአንድ ቃል አይጥልም። ሆኖም የገደሉን ጥልቀት አየት አደረጉና ጥቂት ለዘብ አሉ።

«እሺ፣ ጎማውን ግዢና እዚሁ የብረት ቸርኬ ላይ ግጠሚው።»

«እሱማ አይሆንም። የድሮው ቸርኬ ጠርዙ ዝጓል፤ ጎማውን ቆንጥጦ የሚይዝ ጉብታም የለውም። ለዚህ ቸርኬ ከነመዳሪው ይሻላል። ጎማውን ከቀየርን ቸርኬውም አብሮ መቀየር አለበት።»

ሐጂ ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እናትሽን ሙሽራ አድርጌ ያመጣኋት በእነዚህ ነው፤ አላህ ይርሐማት።»

«እናቴ ብትኖር የምትሳሳው ለብረቱ ነው ወይስ ለእርስዎ?»

ብዙም ሳይቆይ ሐጂ አዲስ ቸርኬና ጎማ ከድሬዳዋ አስመጡ።

በክረምቱ የእህታቸው ልጅ ኩብራ መቻራ ላይ ምጥ ጠናባት። መኪናዋ ጭቃ ከያዛት እንድገፋ እኔም አብሬ ሄድኩ። ኩብራን ይዘን ወደ አሰበ ተፈሪ ሆስፒታል ስንመለስ ከኋላ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን። ጣሂራ ወርዳ አየች፦ የጣት ርዝመት ያለው ሚስማር እስከ አናቱ ተቀብሯል።

«አለቀልን!» አሉ ሐጂ። ኩብራ ከኋላ ታቃስታለች።

«አባ፣ አየሩ አለ። ሚስማሩን ማንም እንዳይነቅለው። ቀስ ብለው ይንዱ።»

ያን ጠመዝማዛ መንገድ እስትንፋሳችንን ውጠን ወረድነው። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል፤ ሐጂ ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል፤ ጎማው ይዞራል። ሆስፒታል ግቢ ገብተን ነርሶች ኩብራን ተሸክመው ሲያስገቧት፣ ሐጂ ጭቃው ላይ ተንበርክከው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጫኑት። ጥቂት ለስልሷል እንጂ አልተኛም።

«ሱብሐነላህ!» አሉ። ተአምር ያየ ሰው ፊት እንደዚያ ሲበራ ዳግመኛ አላየሁም። ጥቂት ቆይቶም ወንድ ልጅ መወለዱ ተነገረን።

አንባቢ ሆይ፣ አዲስ ነገር ሁሉ ደግ ነው አላልኩም፤ ጎማና ቸርኬ ካልተስማሙ አዲሱም ያጠፋል። የሚያውቅ መርምሮ ሲመክር የሚሰማ ሰው ግን ከመንገድ ዳር እንግልት ይድናል፤ ራሱንም የተሳፈረውንም ከገደል ያተርፋል።

በማግስቱ ሐጂ ሱቃቸው ፊት የሂርና መስመር ሾፌሮችን ሰብስበው «መጀመሪያ ቸርኬህን እይ፣ ከዚያ ጎማህን ምረጥ» ሲሉ አገኘኋቸው።

«ይህን ከየት ተማሩት፣ ሐጂ?» አለ አንዱ።

ሐጂ ኮራ ብለው ጣሂራ ወደቆመችበት የሱቃቸው በር አመለከቱ። «ከልጄ» አሉ።