ኮምፒውተሩ እስኪነሳ

ቆቦ አንድ መሥሪያ ቤት የሚንቀራፈፍ ኮምፒውተር እንዳይ ተጠራሁ። ለካ ሲበራ የራሱን ዲስክ ትቶ መጀመሪያ የሌለ ኔትወርክ ፍለጋ ይንከራተታል። ቅደም ተከተሉን ባስተካክለው ወዲያው ተነሳ። ኃላፊው "አንተ ጉድ ነህ!" ብለውኝ ወጡ። ጸሐፊዋ ግን ቤቷን ያቃጠልኩባት ያህል አፈጠጠችብኝ።

"ምን በደልኩህ ወንድሜ? መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እሱ እስኪነሳ እኮ ነው ሮጬ ልጄን አጥብቼ የምመለሰው!"

እውነትም ከአጥሩ ወዲያ ሕፃን ያለቅሳል። ምን ላድርግ፣ ሁሉንም እንደነበረ መልሼ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። እሷ በጓሮ በር በረረች። ኃላፊው ሲመለሱ ስክሪኑ ጥቁር ነው።

"ምነው፣ ተስተካከለ አላልከኝም?"

"የቆቦ ሙቀት ነው ጋሼ። እስኪነሳ መታገሥ ነው።"

"ሙቀቱስ እውነትህን ነው" አሉ፣ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

ይኼኔ ከአጥሩ ወዲያ ሕፃኑ ዝም አለ።