ከቅርጫቱ የጎደለችው ሽምብራ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ሽማግሌዎችና እናቶች፣ ከወረታም ከአንበሳሜም ውኃውንና ጭቃውን ተሻግራችሁ የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፤ የአቶ የኋላሸት ባየህ ዜና ሕይወት ይነበብላችኋል። ከተለመደው ጥቂት ይረዝማል፤ እንዲረዝም ያዘዙት ራሳቸው ሟቹ ናቸውና እስከ መጨረሻው ታገሡ።

አቶ የኋላሸት፣ በክርስትና ስማቸው ኪዳነ ማርያም፣ ከአባታቸው ከአቶ ባየህ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ ውቤ በ1948 ዓ.ም. በቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብሩ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ በክረምት ሜዳው በውኃ ሲሸፈን ታናሽ ወንድማቸውን አያልነህን በትከሻቸው ተሸክመው እያሻገሩ አብረው ይማሩ ነበር። ከዚያም ወረታ ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል እንደ ተማሩ አባታቸው በማረፋቸው ደብተሩን አስቀምጠው ሞፈር ጨበጡ።

አባታቸው ያወረሱት አንድ ጥማድ በሬ ለሁለቱ ወንድማማቾች አንድ አንድ ደረሳቸው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለቱ ወንድማማቾች በሬዎቻቸውን በመቀናጆ እየጠመዱ፣ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ማሳ እያረሱ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሩ። በሬዎቹ አርጅተው በሌሎች ሲተኩ እንኳ መቀናጆው አልተፈታም። ሩዝ ለፎገራ ገና እንግዳ ሳለ፣ ጎረቤት “ይህን የውኃ ሣር ማን ሊበላው ነው?” እያለ ሲስቅባቸው፣ ውኃ በሚተኛበት ማሳ ላይ አብረው የዘሩትም እነርሱ ናቸው።

በ1970 ዓ.ም. የአንበሳሜዋን ወይዘሮ ድንቅነሽ አበጀን አግብተው ይታያልን፣ አምሳልንና አይናለምን ወለዱ። ልጆቻቸውን ሁሉ አስተማሩ። ይህን ጽሑፍ በእጇ የያዘችው መካከለኛይቱ ልጃቸው መምህርት አምሳል ናት። ከተማሪዎቿ ፊት ካልሆነ በቀር ድምፅዋ የማይሰማ ዓይን አፋር መሆኗን የምታውቋት ሁሉ ታውቃላችሁ።

በ1996 ዓ.ም. አቶ የኋላሸት የቀበሌው ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ። በመጀመሪያው የሥራ ዘመናቸው፣ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሲመጡ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ሁለቱም ተናግረው እስኪደክማቸው ድረስ ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። ከሸንጓቸው አኩርፎ የሄደ ሰው ጥቂት ነው። ዳግመኛ ከተመረጡ በኋላ ግን ቀድሞ ሰምተው ይናገሩ የነበሩት ሰው ተናግረው የሚሰሙ ሆኑ። ይህ በቀብራቸው ቀን መነገሩ ነውር እንዳይመስላችሁ፤ ይህንም ይነበብ ያሉት እርሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን አምሳል ምሳቸውን ይዛ ጽሕፈት ቤታቸው ስትደርስ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ማርያማዊት ጎረቤት የቆፈረው ቦይ ውኃውን ወደ ሩዛቸው እንደ መለሰባቸው ለማስረዳት ቆመው ነበር። ገና “ጌታዬ፣ ቦዩ...” ከማለታቸው አቶ የኋላሸት “ነገሩን ዐውቄዋለሁ፤ ሂጂ” ብለው አሰናበቷቸው። በሳምንቱ ዝናብ ጣለና ማሳው በሙሉ ሰጠመ። አምሳል ያን ሰሞን አባቷን ለመናገር ስንት ጊዜ ከአጠገባቸው ተቀምጣ፣ ስንት ጊዜ የምሳ ዕቃቸውን ብቻ አንሥታ ተመለሰች።

በመስከረም 2006 ዓ.ም. አቶ የኋላሸት ለሦስተኛ ጊዜ ለመመረጥ ቀረቡ። ተፎካካሪያቸው አቶ ሰውመሆን ካሳ ነበሩ። መራጮቹ ስድሳ አንድ የምክር ቤት አባላት ሲሆኑ፣ አቶ አያልነህም አምሳልም ከነርሱ መካከል ነበሩ፤ እርሷ የገባችው ትምህርት ቤቱን ወክላ ነው። ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ስለ ነበሩ ለእያንዳንዱ መራጭ አንድ ሽምብራና አንድ ጓያ ይሰጠዋል። ከመጋረጃው ኋላ ሲገባ የኋላሸትን የሚመርጥ ሽምብራውን፣ ሰውመሆንን የሚመርጥ ጓያውን በተዘጋጀው ቅል ውስጥ ይጨምርና፣ በእጁ የቀረውን ፍሬ በቅርጫት ጥሎ ይወጣል።

አቶ የኋላሸት “ሠላሳ አንዱ የኔ ነው” ብለው በጣታቸው ቆጥረው ነበር የገቡት። ቅሉ ሲገለበጥ ሠላሳ ሽምብራ፣ ሠላሳ አንድ ጓያ ወጣ። ጓያ የበላ እግሩ ይሰበራልና ከኋላ አንዱ “ዘንድሮስ የኋላሸትን ጓያ ሰበረው!” ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ቀጥሎ ቅርጫቱ ሲቆጠር አንዲት ሽምብራ ጎደለች። ሽምብራ በእጁ የቀረ ሰው ጓያውን የጨመረ ነውና፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር።

በዚህ መካከል አቶ አያልነህ ወንድማቸውን ሊያጽናኑ ተነሥተው ሲያቅፏቸው ከጋቢያቸው እጥፋት አንዲት ሽምብራ ወለሉ ላይ ዱብ አለች። ወሩ ሽምብራ የሚዘራበት ነው፤ በዚያ ወር ከኪሱ ወይም ከጋቢው ዘር የማይገኝበት ገበሬ የለም። አቶ አያልነህ “የዘር ናት! ጧት ዘር ስለይ ነው ያረፈድሁ፤ ሚካኤልን!” ብለው ማሉ። ማንም አላመናቸውም። አቶ የኋላሸትም “አንተ ልጅ፣ ትከሻዬ ለዚህ ነበር?” አሉና ጀርባቸውን ሰጥተው ወጡ።

አጎቷ ሲምሉ አምሳል ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ቀኝ እጇ እንደ ተጨበጠ ነው። ከቅርጫቱ የጎደለችው ሽምብራ በዚያ እጅ ውስጥ ነበረች። ለአባቷ በአንደበቷ ልትነግራቸው ያቃታትን በጓያ ነገረቻቸው፤ ከዚያም በድንጋጤ የቀረውን ፍሬ መጣሉን ዘንግታ ወጣች። እጇን መክፈት ነበረባት፤ አልከፈተችም። ሽምብራይቱን በጠመኔ ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀምጣ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ስትዛወር ይዛት ስትዞር አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አቶ የኋላሸት እንደ ቀድሞው ሰሚ ሰው ሆኑ። በመጀመሪያው በጋ ዶማቸውን ይዘው የወይዘሮ ማርያማዊትን ቦይ በገዛ እጃቸው መለሱ። አዲሱ ሊቀ መንበር አቶ ሰውመሆን እንኳ ነገር ሲከብዳቸው “አያ የኋላሸትን ጥሩልኝ” ይሉ ነበር። የወንድማማቾቹ መቀናጆ ግን ፈረሰ። እናታቸው በ2011 ዓ.ም. ሲያርፉ እንኳ አንዱ ከአስከሬኑ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ ቆመው ቀበሯቸው።

አቶ የኋላሸት ካለፈው ግንቦት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ወረታም ባሕር ዳርም ሲታከሙ ቆይተው አልሻላቸው አለ። ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ አምሳል ቆርቆሮዋን ከፍታ ሽምብራይቱን በመዳፋቸው አኖረች፤ አንዲት ቃል ግን ማውጣት አልቻለችም። እርሳቸውም ፍሬዋን በጣታቸው አገላብጠው አዩ። ከዚያም “በማርያማዊት ምክንያት ነው?” አሉ። ራሷን ነቅንቃ አዎን አለቻቸው።

“ደግ አደረግሽ” አሉ። “አያልነህ እንዳልሆነ ልቤ ያውቅ ነበር። በጥፋቴ ወደቅሁ ከማለት ወንድሜ ጣለኝ ማለት ቀለለኝ። አንቺ ግን ዝም በማለትሽ አብረሽኝ በድለሽዋል። ስሙን በሕዝብ ፊት ነው ያጠፋነው፤ በሕዝብ ፊት መልሺለት። ስትናገሪ ድምፅሽ ቢጠፋብሽ ጽፈሽ አንብቢው።” ቀጥለውም “በሬዬን ከበሬው ጋር ጥመዱልኝ፤ የሽምብራው እርሻ ደርሷል” አሉ።

ለአቶ አያልነህ ወዲያው ተላከባቸው። ሜዳው ሞልቶ ስለ ነበር በታንኳ ተሻግረው ደረሱ፤ የደረሱት ግን ትናንት ጧት፣ እሪታው ከተጀመረ በኋላ ነው።

እንግዲህ የቁሐር ሚካኤል ሕዝብ ሆይ፣ አቶ አያልነህ ባየህ በ2006 ዓ.ም. ሽምብራቸውን ለወንድማቸው ጨምረዋል። የማሉት እውነት ነበር። ጓያውን የጨመረችው አምሳል ናት። ለአባቷ ስላልሰጠችው ድምፅ ይቅርታ አትጠይቅም፤ ስለ ዝምታዋ ግን በአጎቷ እግር ላይ ትወድቃለች። ገናዦቹ የሟቹን እጅ ሲያቃኑ ሽምብራይቱን ከመዳፋቸው አግኝተዋታል። ንባቡ ሲያበቃ ለአጎቷ ታስረክባለች፤ መቀበልም አለመቀበልም የእርሳቸው ፈቃድ ነው።

አቶ የኋላሸት በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ወንድማቸውን አቶ አያልነህ ባየህን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ድንቅነሽን፣ ሦስት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና ጥማድ የሚጠብቅ አንድ በሬ ትተውልን ሄደዋል። የሰውን ሁሉ ነገር እስከ መጨረሻው የሚሰማ አምላክ የአባታችንን የኪዳነ ማርያምን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ እኛንም ሳይመሽብን ያስታርቀን። አሜን።