የዘይነብ አጠገብ

(ኮምቦልቻ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች በሚማሩበት ክፍል፣ ልጆቹ ለእረፍት ወጥተው፣ የወፍጮ ቤት ሠራተኛው አቶ ይማምና መምህርት አስናቀች ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።)

ይማም፦ ልጄ ዕድሜዋ ነው የጨመረው እንጂ ልቧ ገና የሕፃን ነው እያልኩዎት ነው። ከነዚህ ልጆች ጋር ብትቀመጥ ማንን ትጎዳለች?

አስናቀች፦ ማንንም። ግን ዘይነብ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክፍሉ የሚቀበለው እስከ አሥራ አራት። እስከ አምናም ርእሰ መምህሩን እየለመንኩ ነው ያቆየኋት።

ይማም፦ ዘንድሮን ብቻ።

አስናቀች፦ አይሆንም፣ አቶ ይማም። የጠራሁዎት ለሌላ ነው። ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልጋት እንደገና ለማየት ፈልጌ ነው።

ይማም፦ እሱንማ ሰባት ዓመቷ ሳለ አይተውታል። እናቷ ነበረች የምትመልስልዎት፣ አላህ ይዘንላት። ማንኪያ ትይዛለች ወይ፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች ወይ፣ ስትጠራ ዞር ትላለች ወይ። ሁሉንም ለመደች።

አስናቀች፦ ለምዳለች። ግን ለትንሽ ልጅ የሚጠየቀውና ለኮረዳ የሚጠየቀው አንድ አይደለም። እርስዎ ወፍጮ ቤት ሲውሉ የት ናት?

ይማም፦ ቤት።

አስናቀች፦ ከማን ጋር?

ይማም፦ ቁልፉ እኔ ኪስ ነው።

አስናቀች፦ ቆልፈውባት ነው የሚወጡት?

ይማም፦ መስከረም ላይ እናንተ ከዘጋችሁብን ወዲህ፣ አዎ።

አስናቀች፦ እሳት ቢነሳስ?

ይማም፦ ክብሪቱን ይዤው እወጣለሁ።

አስናቀች፦ የማታውቀው ሰው ነይ ቢላት ትሄዳለች?

ይማም፦ ትሄዳለች።

አስናቀች፦ ሄዳ ታውቃለች?

ይማም፦ አንድ ቀን መቆለፉን ረሳሁት። አንድ ባለባጃጅ ጭኗት ሊሄድ ሲል የሰፈር ሴቶች ደርሰው አስወረዷት። ብስኩት ይዛ ትስቃለች። አባ፣ ወንድሜ መጣ አለችኝ። ለእሷ ሁሉም ሰው ወንድሟ ነው።

አስናቀች፦ የወር አበባዋስ?

ይማም፦ መምህርት፣ ይሄን እኔ ልመልስ?

አስናቀች፦ ሌላ የሚመልስልኝ የለማ።

ይማም፦ እናቷ እያለች እኔ ሰምቼም አላውቅ። እናቷ የሞተችው ደም እየፈሰሳት ነው፤ ልጅቷ አይታለች። አሁን የራሷን ባየች ቁጥር ልሞት ነው ብላ ትጮኻለች። እኔ በር ላይ ቆሜ አትሞቺም እላታለሁ። ከዚያ ሌላ ምን አውቃለሁ?

አስናቀች፦ ማን ያጥባታል?

ይማም፦ ጎረቤት ጠርቼ ነበር። አንዴ ረዳችኝ። ሁለተኛ ስጠራት ድምጿን አጠፋች።

አስናቀች፦ እንግዲህ ያየሁትን ልንገርዎት። መልበሱን፣ መብላቱን ተዉላት፤ ራሷ ትችላለች። ገላዋን ለመጠበቅ፣ መንገድ ለመሻገር፣ ከእሳት ለመራቅ፣ ክፉ ሰው ከደግ ለመለየት ግን አጠገቧ ሰው ያስፈልጋታል። ቀኑን ሙሉ።

ይማም፦ እስከ መቼ?

አስናቀች፦ ጥቂት ጥቂቱን ትማራለች።

ይማም፦ እስከ መቼ ነው ያልኩዎት።

አስናቀች፦ ዕድሜ ልኳን። ልዋሽዎት አልፈልግም።

ይማም፦ የሚቀበላት ቦታስ?

አስናቀች፦ ለትልልቆቹ እዚህ ከተማ የለም። አዲስ አበባ ላለ አንድ ማኅበር ደውዬ ነበር፤ ተራ የሚጠብቀው ብዙ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክም አላነሱልኝ።

ይማም፦ መጥታ የምትይዝልኝ እህት እንኳ የለችኝ። ዘመድ የሚባል አንድ አጎት ነበር፤ እሱም እሰራት ነው ያለኝ።

አስናቀች፦ እንዳያደርጉት።

ይማም፦ አላደርገውም። ልጄ ናት።

አስናቀች፦ መቆለፉም ይቅር። ያ ልጅቷን ይገድላታል። ሰው ይኑራት።

ይማም፦ እሺ። ከሰኞ ጀምሮ አልቆልፍም።

አስናቀች፦ ሰው አገኙ?

ይማም፦ ታናሽዋ ረውዳ አለች። ትምህርቷን ታቆማለች።

አስናቀች፦ ስንተኛ ክፍል ናት?

ይማም፦ ስምንተኛ።

አስናቀች፦ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት ማለት ነው። ነግረዋታል?

ይማም፦ ነግሬያታለሁ። እሺ አባ አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አስናቀች፦ አቶ ይማም፣ እኔ ትልቅ ሰው ማለቴ እንጂ ሌላዋን ልጅ ከትምህርት ያስቀሯት አላልኩም።

ይማም፦ እርስዎ ሰው ነው ያሉኝ፣ መምህርት። እኔ ቤት ያለው ሰው እሷ ናት።