ወደ እኔ ግቢ ያጋደለ ጣራ

ፍኖተ ሰላም ላይ ከወንድሞቼ ጋር ውርስ ስንካፈል የደረሰችኝ ቦታ ወርዷ አምስት ሜትር ብቻ ነው። ቤት ልሠራባት ፈቃድ ስጠይቅ የማዘጋጃው መሐንዲስ፣ «ጋሼ፣ በደንቡ ከጎረቤት ድንበር ሁለት ሜትር መራቅ አለብዎት። በልዩ ሁኔታ እንዲፈቀድልዎ ጎረቤትዎ ይፈርሙ» አለኝ። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ግን ቀድመው እምቢ ብለውኛል፤ ምክንያቱንም አልጠየቅኋቸውም። እንደ አገራችን ልማድ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ገና ከበር፣ «ስለ ማርያም ብለው ይቅር ይበሉት!» ብለው ጀመሩ።

«ምን በደለኝና ነው ይቅር የምለው?» ብለው ሳቁ እትዬ ጥሩወርቅ። «ግድግዳው ድንበሬ ላይ ቢቆም ግድ የለኝም። የጣራው ጠፈጠፍ ግን ክረምቱን ሙሉ ደጄ ላይ ሊወርድ ነው።»

«ጣራውን ወደ እኔ ግቢ ብቻ አጋድለዋለሁ» አልኳቸው።

«ያን ሁሉ ውሃ በዚያች ጠባብ ግቢ ትችለዋለህ?»

ስለ ልጅነቴ ለሰው አላወራም። ያን ቀን ግን አወራሁ። «እትዬ፣ ቡሬ ላይ እህል እየተሸከምኩ ስኖር ሁለት ክረምት ያደርኩት የሰው ቤት ጠፈጠፍ ሥር ነው። የራሴ ጣራ ውሃ አያሸንፈኝም።»

 እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ዘርግተው፣ «በል እስክሪብቶውን አምጣው» አሉ።