ከጆሮዋ ጀርባ ያየሁት

ከረሃቡ በኋላ፣ አብዮቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ መካነ ሰላም ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። አንድ ጠዋት አንድ የቀበሌ ሹም ጠመንጃውን እንዳነገተ ዘይነባን እየጎተተ ገባ። እናትና አባቷን ረሃቡ ስለጨረሰባት እሱ ቤት ተጠግታ የምትኖር ልጅ ናት። «ከአህያ ወድቃ ጆሮዋን አሟታል፤ ጠብታ ስጪያት» አለኝ። ሳየው የጆሮዋ ታምቡር ተቀዷል፤ ከጆሮዋ ጀርባ የጣት ምልክት ጠቁሯል። ግንባሯና ክርኗ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም።

«ጓድ፣ የወደቀ ሰው ግንባሩ ይላጣል እንጂ ከጆሮው ጀርባ አይጠቁርም። ይቺ ልጅ ተመትታለች፤ መልሼ አልሰጥዎትም» አልኩት። «ለማን እንደምትናገሪ ታውቂያለሽ?» ብሎ ክንዷን ሲይዛት፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ግልብጥ ብለው ተነሥተው በሩን ሞሉት። አንዲት አሮጊት «ወላሂ፣ እኛን ረግጠህ ካልሆነ አትወስዳትም!» አሉት። ግራ ቀኙን አይቶ ለቀቃትና ብቻውን ወጣ። ይኼኔ ልጅቷ ከኋላው «እሱ ነው የመታኝ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እኔ ዘንድ ሰንብታ አክስቷ ከወግዲ መጥተው ሲወስዷት፣ በሰውየው ደጃፍ ቀና ብላ አለፈች።